ሐዲዱ በየት በኩል ይለፍ?

በ1870ዎቹ መጀመሪያ አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ አንኮበር ገባ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የእጅ ጥበብ የሚያውቅ ሰው ከአውሮፓ ይፈለግልኝ ብለው ነበርና ሥራው ቀድሞ ነበር የጠበቀው። ድልድይ ሠራ፣ ቤት ሠራ፣ በኋላም ከእንጦጦ ሥር ምንጭ ጠልፎ እስከ አዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ አወረደ። ይህን ሁሉ ሲሠራ ግን ከአእምሮው ያልወጣ አንድ ሐሳብ ነበረው፤ ከባሕሩ ጠረፍ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ ደጋውን የሚወጣ የባቡር ሐዲድ።

ያን ጊዜ ከሸዋ ወደ ባሕር የሚወርደው ጭነት የሲራራ ነጋዴ ጭነት ነው። ቡናው፣ ቆዳው፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ሐረር ይወርዳል። ከሐረር በታች ጀልዴሳ ላይ ሸክሙ ወደ ግመል ይገለበጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በረሃ የግመል አገር ነውና። በየኬላው ቀረጥ አለ፣ በየሰፈሩ የሚከፈል እጅ መንሻ አለ። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በእንዲህ ያለ መንገድ ሩቅ የሚሄደው ሚዛኑ ቀላል፣ ዋጋው ከባድ የሆነ ሸቀጥ ብቻ ነው። ዝባድና የዝሆን ጥርስ የጉዞውን ወጪ ይችሉታል፤ ስንዴና ጤፍ አይችሉትም። ስለዚህ ገበሬው የሚያመርተው ለራሱ፣ ለባለ ርስቱና ለቅርብ ገበያው ነበር። ከዚያ በላይ ቢያመርት ማን ያነሳለታል?

በ1886 ዓ.ም ምኒልክ ለኢልግ የ99 ዓመት ውል ሰጡ። ውሉ ሐዲዱን በሦስት ክፍል ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ከጅቡቲ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ ተነስቶ ከፋን አቋርጦ እስከ ነጭ ዓባይ። ይህን ሦስተኛውን ክፍል አንባቢው በልቡ ይያዝልኝ። ቡናው የሚበቅለው በከፋና በጅማ ነው፤ ያ ክፍል ግን እስከ ዛሬ አልተሠራም። ሐዲዱ ወደ ሸቀጡ ምንጭ ሳይደርስ መሐል አገር ላይ ቀረ፣ የደቡብ ምዕራቡም ቡና አዲስ አበባ ለመድረስ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የበቅሎ ጀርባ ሲጠብቅ ኖረ።

ኢልግና ፈረንሳዊው ባልደረባው ሊዮን ሼፍኑ በ1888 ዓ.ም ኩባንያቸውን አቋቋሙ፤ ዓድዋ የተዋጋነው በዚያው ዓመት ነው። ምጽዋ በጣሊያን፣ ዘይላ በእንግሊዝ እጅ ስለነበሩ የቀረው በር በፈረንሳይ እጅ ያለው አዲሱ የጅቡቲ ወደብ ነው። ምኒልክ ያንን በር የመረጡት ስለወደዱት አይመስለኝም፤ ከሦስቱ ጎረቤቶች ያን ጊዜ በጥርጣሬ ያነሰው ፈረንሳይ ስለነበረ ነው። በ1890 ዓ.ም መጀመሪያ ሥራው ከጅቡቲ ተነሳ። መሬቱ የኢሳና የአፋር ግጦሽ ነው። ለአርብቶ አደሩ የሐዲዱ መስመር በበጋ ውሃው ላይ፣ በክረምት ሣሩ ላይ የወጣ አዲስ ድንበር ነበር፤ ፈቃዱንም የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሠራተኞች ተጠቁ፣ ኩባንያውም ውሎ አድሮ ለጎሳ አለቆች እየከፈለ በእነሱ ጥበቃ መሥራት ግድ ሆነበት።

ከዚያ የተራራው ጥያቄ መጣ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች የቆየች የንግድ ከተማ ናት፤ ውሉም ሐዲዱ እዚያ ይደርሳል ይላል። መሐንዲሶቹ ግን ዳገቱን ሲለኩት ወጪው ከአቅማቸው በላይ ሆነ። ሐዲዱን ከተራራው ሥር፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ አሳልፈው ወደ አዋሽ ለማዞር ወሰኑ። በታኅሣሥ 1895 ባቡር ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደቻቱ በሚባለው የአሸዋ ወንዝ ዳር ቆመ። ቦታው በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ኋላ ድሬዳዋ ሆነ።

በዚህ ውሳኔ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ በዚህ መስመር የሆነው ሁሉ በትንሹ እዚህ ታይቷልና። ሐረር ለዘመናት የያዘችው ገበያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ታች ወረደ። ነጋዴው መጋዘኑን ከሐዲዱ አጠገብ ሠራ፤ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ የመኑ ሰው ሱቁን ድሬዳዋ ከፈተ። ከደቻቱ በአንድ በኩል በመሐንዲስ ገመድ ተለክቶ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ያሉት ከዚራ ተሠራ፤ በሌላው በኩል መጋላ በራሱ መንገድ አደገ። ጀልዴሳም ግመልና በቅሎ የሚገናኙበት ቦታ መሆኑ ሲቀር ነጋዴው ሸሻት። በሐረርም ሆነ በጀልዴሳ ላይ የፈረደ ባለሥልጣን አልነበረም። የዳገቱን ማዕዘን የለካ ሰው ነበር የፈረደባቸው። ድሬዳዋ በዚህ ስሌት ምክንያት ለሚቀጥሉት ሰባ ዓመታት ከአገሪቱ ትልልቅ ከተሞች አንዷ ሆነች፤ የባቡሩ ጋራዥ፣ ቀጥሎም የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እዚያ ተተከሉ።

ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። የኩባንያው ገንዘብ ቀድሞም አልቆ ስለነበር የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም በዓመት 500 ሺህ ፍራንክ ድጎማ ለመክፈል ተስማማ፤ በምላሹም በኩባንያው ላይ ሥልጣን አገኘ። ምኒልክ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። ውል የሰጡት ለኩባንያ እንጂ ለሌላ መንግሥት አልነበረም። እንግሊዞችም ሐዲዱ ፈረንሳይን ወደ ዓባይ እንዳያደርስ ሰጉ። በታኅሣሥ 1899 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢትዮጵያን በየፈርጁ የተጽዕኖ ቀጠና የሚከፋፍል ስምምነት ተፈራረሙ፤ በስምምነቱም ውስጥ የሐዲዱ ጉዳይ ዋና ቦታ ይዞ ነበር። የአንድ አገር የባቡር መስመር የአገሩ ሰው በሌለበት ጠረጴዛ ላይ ተመከረበት። በጥር 1900 ምኒልክ ለሐኪማቸው ለዶክተር ቪታሊየን አዲስ ውል ሰጡና የፈረሰው ኩባንያ በሌላ ኩባንያ ተተካ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም ሲያርፉ ሐዲዱ ገና መንገድ ላይ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሐል አቃቂ ደረሰ፣ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር።

ስድስቱ ሳምንት ሦስት ቀን ሆነ። ባቡሩ ቀን ብቻ ይሄድ ስለነበር መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንዱን አዋሽ ያድራል፤ ቡፌ የሚባለው የአዋሽ ጣቢያ ማረፊያም ስሙ የወጣው በዚያ ጊዜ ነው። ሚኤሶ፣ መተሐራ፣ አዳማ፣ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ ባቡር በሚቆምበት ሁሉ ሻይ ቤት፣ መጋዘን፣ ኬላና ገበያ አበቀሉ። ቆርቆሮ በርካሽ ገባ፣ የአዲስ አበባም ጣራ ከሣር ወደ ቆርቆሮ ተለወጠ። ታሪፉ ግን ከባድ ነበር። ወደ ባሕር የሚያወጣ ሌላ በር የሌለው አገር በአንድ ኩባንያ ሐዲድ ሲነግድ የጭነቱን ዋጋ የሚቆርጠው ኩባንያው ነው፤ ስለ ጭነት ዋጋው የቀረበው አቤቱታም ለአርባ ዓመት ያህል አላባራም። በኅዳር 1922 የለገሃሩ ትልቅ ጣቢያ ተመረቀ፣ በሚቀጥለው ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሲከበር የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከፊቱ ቆመ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ሐዲድ ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከሦስት ቀን በኋላ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ጣሊያኖች በፈረንሳይ ሐዲድ መኖርን አልፈለጉም። ስለዚህ ሌላ አገር ያህል መንገድ ሠሩ። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ አሰብ፣ ከአስመራ ወደ ደቡብ፣ ጣርማበርን በዋሻ ፈልፍሎ የወጣው መንገድ ሁሉ በአምስት ዓመት ውስጥ በስንት ሺህ ሰው ጉልበት ተሠራ። የተሠራው ለጦር ጭነት ነበር፤ የተዘረጋበት አቅጣጫ ግን ከነጻነት በኋላ ለኢትዮጵያ ትልቅ ትርጉም ነበረው፣ ሁለተኛ በር አመልክቷታልና። ጣሊያን ሲወጣ መንገዱን የሚጠግነው አልነበረም። በየክረምቱ ጎርፉ ድልድዩን እየበላ፣ አስፋልቱ እየተቦረቦረ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ብዙው የጭነት መኪና የማይሄድበት ሆኖ ነበር።

በመስከረም 1943 የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነውን ብድር ሰጠ፤ ተበዳሪዋ ኢትዮጵያ ነበረች። 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለአውራ ጎዳና፣ 2 ሚሊዮኑ ለልማት ባንክ ነው። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ መጀመሪያ የመሩት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ነበሩ። ባለሥልጣኑ አዲስ መንገድ ከመዘርጋቱ በፊት ያለውን መጠገን ጀመረ፤ እኔ ይህን ከዘመኑ ውሳኔዎች ሁሉ በጣም አስተዋይ ከሆኑት አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። የተሠራን መንገድ መንከባከብ የሚመረቅ ነገር የለውም፤ ሪባን አይቆረጥበትም። በየዓመቱ ግን የሰሊጥና የቡና ጭነት የሚያልፈው በዚያ ላይ ነው። የአሰብ ወደብ ደግሞ በዩጎዝላቪያ ሰዎች እጅ ታድሶ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ትልልቅ መርከብ የሚያስተናግድ ሆነ፣ ኋላም ነዳጅ ማጣሪያ ተጨመረለት። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፣ ባቡሩ ተፎካካሪ ሲያገኝ ታሪፉ ተለሳለሰ። በ1951 ዓ.ም አካባቢ በተደረገ ስምምነት የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፣ የኢትዮጵያ ድርሻም ከፈረንሳይ ጋር እኩል ሆነ።

ከዚህ በኋላ ነው ከሐዲዱ ይልቅ ወንዙ ዋና ነገር የሆነው።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ከላይ ደጋ፣ ከታች በረሃ ነው፤ ክረምት ላይ ሜዳውን ያጥለቀልቃል፣ በበጋ ይመነምናል። ሐዲዱ ለረጅም ርቀት ይህንኑ ሸለቆ ተከትሎ ነው የሄደው። በ1943 ዓ.ም ሐንድልስ ፌሬኒኽንግ አምስተርዳም የተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ ከኢንዶኔዥያ የነበረውን የሸንኮራ እርሻ ትቶ መሬት ሲፈልግ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ። የተሰጠው ወንጂ ነው፣ አዳማ አጠገብ። በ1946 ዓ.ም የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት ስኳር በባሕር በኩል የሚገባ ውድ ዕቃ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በየሻይ ቤቱ የወንጂ ስኳር ሆነ። ሸዋ ስኳር ተከተለ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ መተሐራ።

ሸንኮራ ግን በበጋም ውሃ ይጠጣል። ይህ ነው ቆቃን ያመጣው። ጣሊያን ለጦርነቱ ካሳ ከከፈለችው ገንዘብ ቆቃ ላይ ግድብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም ሥራ ጀመረ፣ የማመንጨት አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ነበር። ያን ጊዜ ለአዲስ አበባና ለአካባቢው ይህ ትልቅ ኃይል ነው። ከመብራቱ ይልቅ ግን እኔን የሚደንቀኝ ግድቡ በአንድ ጊዜ የሠራው ሥራ ነው። የክረምቱን ጎርፍ ይዞ በበጋ ይለቀዋል፤ ስለዚህ ከታች ያለው እርሻ ዓመቱን ሙሉ ይጠጣል። ውሃው ሲወርድ ተርባይን ያዞራል፤ ተርባይኑ ለፋብሪካው ኃይል ይሰጣል። ፋብሪካው ከሐዲዱና ከአስፋልቱ አጠገብ ስለሆነ ምርቱ በዚያው ቀን ይጫናል። አዳማ በእነዚህ ሁሉ መካከል ተቀምጣ አደገች። በሁለተኛው የአምስት ዓመት ዕቅድ ዘመን አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የተባሉት ተጨማሪ ማመንጫዎች እያንዳንዳቸው በ32 ሜጋ ዋት ታቀዱና ተከታትለው ተሠሩ። ውሃ፣ መብራት፣ መንገድና ሐዲድ፣ ፋብሪካ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ተደርጎ የተያያዘበት ቦታ በኢትዮጵያ ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም ብዙ አልተደገመም።

የሚከፈልበት ነገር ግን ነበረው። በወንጂ ለሠራተኞቹ የተቆፈረው ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበት ነበር፤ የስምጥ ሸለቆ ከርሰ ምድር ባሕርይ ነው። ለዓመታት የጠጡት ሠራተኞችና ልጆቻቸው ጥርሳቸው ጠቆረ፣ አንዳንዶቹ ወገባቸው ደርቆ ቀጥ ብሎ መሄድ አቃታቸው። ሐኪሞች ጉዳዩን ያጠኑት በኋላ ነው። የቆቃ ሐይቅም ከላይ ከተራቆተው ደጋ በሚመጣው ደለል እየተሞላ መያዝ የሚችለው ውሃ በየዓመቱ ቀነሰ። ግድቡን የሠራው ከላይ ያለውን የገበሬ ማሳ አላየም ነበር፤ ደለሉ ግን ከዚያ ነው የሚመጣው።

በ1954 ዓ.ም የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። አንድን ወንዝ ከምንጩ እስከ መጨረሻው በአንድ መሥሪያ ቤት እጅ አድርጎ ማቀድ በዚያ ዘመን በዓለም ሁሉ የተወደደ ሐሳብ ነበር፤ አሜሪካኖች በቴነሲ ወንዝ ላይ ከሠሩት በኋላ ብዙ አገር ሊከተለው ሞክሯል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ሸለቆውን አጠና፣ አፈሩን መደበ፣ የሚለማውን ሄክታር ቆጠረ። ተንዳሆ ላይ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ጥጥ ዘራ፤ በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ በኩልም እርሻው ሰፋ። የአውሳው ሱልጣን አሊ ሚራህም በአሳይታ በኩል የራሳቸውን ጥጥ አስፋፉ። በአሥር ዓመት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ወንዝ ዳር መሬት በእርሻ ተያዘ።

የአፋር ከብት አርቢ ደግሞ ለምዕተ ዓመታት የኖረበት ሥርዓት አለው። ክረምት ላይ ዝናቡን ተከትሎ ወደ ውጭ ሜዳ ይበተናል፣ በጋ ሲጠና ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳል፤ ጎርፉ የተወው እርጥበት ሣሩን ያቆይለታልና። ዳሩ በዓመት ለጥቂት ወራት ብቻ የሚፈለግ መሬት ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ «ባዶ» መሰለው። የከረዩ ኦሮሞዎችም በመተሐራ በኩል ይኸው ደረሰባቸው። ጎርፉን ቆቃ ያዘው፣ ዳሩን ጥጡና ሸንኮራው ያዙት። ከዚያ በ1965 ዓ.ም ዝናብ ጠፋ። ከብቱ በበጋ የሚሸሽበት ቦታ ስላልነበረ መጀመሪያ ከብቱ አለቀ፣ ከዚያ ሰው። የወሎ ረሃብ ተብሎ ዓለም ካወቀው እልቂት ቀድሞ የተጎዳው የቆላው አፋር ነበር። ዕቅዱ ስንት ኩንታል ጥጥ እንደሚመረት በትክክል ተንብዮ ነበር። በዚያው መሬት ላይ በበጋ ስንት ሰው እንደሚጠለል የሚጠይቅ አምድ ግን ሠንጠረዡ ውስጥ አልነበረውም፤ ይህን ጉድለት የቴክኒክ ስሕተት ብቻ ብዬ መጥራት አልችልም። በዚያ ዳር የሚኖረው ሕዝብ የአገሪቱ ዜጋ ነበር፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው መላክም ከባድ አልነበረም።

አብዮቱ መጣ። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፣ ትልልቆቹ እርሻዎች በመንግሥት እጅ ገቡ፤ አሊ ሚራህ ከመንግሥት ጋር ተዋግተው ተሰደዱ። ለአርብቶ አደሩ ግን ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ መሬቱ አልተመለሰለትም። በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ወረረ፤ የባቡሩ ድልድዮች ፈራረሱ፣ ድሬዳዋ ራሷ ለጥቂት ተረፈች። በዚያው ሰኔ ጅቡቲ ነጻ ወጥታ ነበርና ሐዲዱ ሲጠገን የሁለት አገሮች ንብረት ሆነ። ባቡሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሐዲዱ አርጅቶ፣ መለዋወጫ ጠፍቶ፣ ጭነቱን የአሰብ መንገድ እየወሰደው ቆየ። ጥር 5 ቀን 1977 አዋሽ አጠገብ ፈጣኑ ባቡር ከድልድይ ላይ ወደ ገደል ወደቀ፤ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ እጅግ አስከፊ ከሚባሉት አደጋዎች አንዱ ነው።

በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ሁለቱ በሮች እንደገና አንድ ሆኑ። በኤርትራ ያለው አሰብ ተዘጋ። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ በሙሉ ማለት ይቻላል ጅቡቲ ላይ ወደቀ፤ የሚያመጣው ግን ባቡሩ አልነበረም። በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ የሚሄደው አስፋልት ቀንና ሌሊት በተሳቢና በቦቴ ተጨናነቀ። ሎጊያና ሚሌ የሾፌር ከተሞች ሆኑ። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራሙ ከ1989 ዓ.ም ጀምሮ አገሩን ሁሉ በመንገድ ሲያያይዝ፣ ከ26 ሺህ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ የነበረው መንገድ በሃያ ዓመት ውስጥ ከ100 ሺህ አለፈ። አሮጌው ባቡር ግን 2000 ዓ.ም ገደማ አዲስ አበባ መግባቱን አቆመ። በድሬዳዋ ጋራዥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ቴክኒሻኖች የሚጠግኑት ሎኮሞቲቭ አጡ።

በኅዳር 2000 የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። አዲሱ ሐዲድ ሰፊ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሠሪዎቹ ሁለት የቻይና ኩባንያዎች፣ የገንዘቡም ትልቁ ክፍል ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። አጠገቡ የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም ተከፈተ፣ ሞጆ ላይ ደረቅ ወደብ አደገ፣ ዱከም ላይ፣ አዳማ ላይ፣ ድሬዳዋ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተተከለ። ወደ ጅቡቲም ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ መብራት፣ ቆይቶም ከሽንሌ በኩል የመጠጥ ውሃ ሄደላት። ወደቡን የሚሰጠን አገር ከእኛ የሚፈልገው ነገር ሲኖር በሩ ይበልጥ ይጸናል፤ ይህ ዕቅድ ጥሩ ዕቅድ ነው።

በዚያው ዘመን ግን የድሮው ጉድለት በሌላ መልክ ተመለሰ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም ለውይይት ሲቀርብ፣ በዙሪያው ያለው ገበሬ ያነበበው መሬቱ እንደሚወሰድበት ነው፤ ከዚያ በፊትም በትንሽ ካሳ የተነሳ ጎረቤት አይቷል። በ2008 ዓ.ም ተቃውሞው ከጊንጪ ተነስቶ ኦሮሚያን አዳረሰ፣ ብዙ ሰው ሞተ፣ ጥር ላይ ፕላኑ ተሰረዘ። በመስከረም 25 ቀን 2009 አዲሱ ባቡር ሲመረቅ፣ በዚያው መስመር ላይ ባለችው በቢሾፍቱ በእሬቻ በዓል ሰዎች ካለቁ ሦስት ቀን ብቻ ሆኖ ነበር። ሳምንቱ ሳይሞላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ባቡሩ ለንግድ የተከፈተው በታኅሣሥ 2010 ነው። ጣቢያዎቹ ከከተማ ውጭ ናቸው፤ ድሬዳዋ ላይ የወረደ ሰው ከተማ ለመግባት ሌላ መኪና ይፈልጋል። መብራት ሲቋረጥ ባቡር ይቆማል፤ ግመልና ከብት በሐዲዱ ላይ ይገጫል፣ የካሳ ክርክር ይነሳል። ብድሩ ደግሞ ከብዶ በ2010 ማብቂያ የመክፈያ ጊዜው ወደ 30 ዓመት ተራዘመ። በ2016 ዓ.ም ሥራው ከቻይና ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ሠራተኞች ተላለፈ። ድሬዳዋም በነሐሴ 2014 የተመረቀውን ነጻ የንግድ ቀጠና ይዛ የቀድሞ ሥራዋን ለመመለስ እየሞከረች ነው።

ከአዋሽ ወደ ሰሜን፣ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ወልዲያ አካባቢ እንዲወጣ የታቀደው 390 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ሥራው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም ነው። የሠራው የቱርክ ኩባንያ ነው፤ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ሐዲዱ ተነጥፎ፣ ዋሻዎቹ ተፈልፍለው፣ ጣቢያዎቹ ቆመው ነበር። የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ መስመር ግን አብሮ አልደረሰም። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሐዲዱም የጉዳቱን ድርሻ አገኘ። በወሎ ከተሞች ወጣቱ ጣቢያውን እያየ ሥራ ይጠብቃል፤ በአፋር በኩል ደግሞ አርቢው ከብቱን በየት በኩል እንደሚያሻግር ይጠይቃል። ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ መሥሪያ ቤትን ነው፤ መብራቱን የሚያመጣው ግን ሌላ፣ መሻገሪያውን የሚሠራው ሌላ፣ ለግጦሹ የሚከፍለው ሌላ ነው።